ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው መድኃኒት አለውን?

እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢያጋጥመን «ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ብለን ወደ ቤት እንዳንወስደው አደራ!

የተጎዳ አንጎልን እንደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ተስፋ የተጣለባቸው ስቴሮይዶች ከ10,000 በላይ ሕሙማን በተካፈሉበትና በ2004 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ሞትን ሲጨምሩ ታይተዋል። በ2012 ግን አማንታዲን የተባለው እንክብል ከከባድ ጉዳት በኋላ ንቃታቸው ያልተመለሰ ሕሙማንን ማገገም እንደሚያፋጥን ታወቀ። በ2019 ደግሞ ደም መፍሰስን የሚገታው ትራኔክሳሚክ አሲድ ጉዳታቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የሆኑትን ከሞት ሊታደግ እንደሚችል ተገለጸ፤ ነገር ግን አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ስለዚህ ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ንግግሩ የተወላገደ ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ የሄደ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ። አስፕሪን አይስጡት፤ መድማትን ያባብሳልና።

አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ፋንታ ነው። አላህ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን፤ አሚን!