የምሽቱ መብራትና የሠራተኛው ሰዓት

ሥራ የሰው ልጅ ኑሮ መሠረት፣ የክብሩም ምንጭ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሰው ለመኖር ይሠራል እንጂ ለመሥራት ብቻ አይኖርም። ይህ እውነት ዛሬ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራኒዮ፣ በየሱቁ ደጃፍ ዳግም ተነሥቷል።

የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚገኙ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት ሆነው እንዲያገለግሉ ተደንግጓል። የድንጋጌው ጥቅም ግልጽ ነው። ቀኑን በሥራ ያሳለፈ ሰው አምሽቶ የሚሸምትበት ሱቅ ያገኛል፤ ገበያውም ይሰፋል። ነገር ግን አንድ ዓቢይ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ሱቁ ሲያመሽ የሚያመሸው ማን ነው?

ለአብነት ያህል፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር በአንድ የልብስ መደብር የምትሠራ እናት እንውሰድ። መደብሩን ከጠዋቱ 2፡30 ከፍታ ምሽት 3፡30 ብትዘጋ 13 ሰዓት ትቆማለች። የምሳው አንድ ሰዓት ቢቀነስ እንኳ 12 ሰዓት ይቀራል፤ በስድስት ቀን 72 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ላይ የታክሲው ሰልፍ አለ፤ ቤት ስትደርስም ያልታጠበ ዕቃ፣ ያልተቦካ ሊጥ ይጠብቃታል። ልጇን ተኝቶ ትታው ወጥታ፣ ተኝቶ ታገኘዋለች።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ድምሩ 60 ነው። እንግዲህ ከዚያች እናት ላይ በየሳምንቱ 12 ሰዓት ያለ ሕግ ይወሰዳል ማለት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው በሙሉ ቢከፈላት እንኳ፣ ገደቡ መጣሱን ገንዘቡ አይሽረውም።

የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በችሮታ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1886 የቺካጎ ሠራተኞች አደባባይ የወጡት፣ ደማቸውንም ያፈሰሱት ለዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው የዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱ ያደረገውም የሥራ ሰዓትን መወሰን ነው።

ስለሆነም መፍትሔው መብራቱን ማጥፋት ሳይሆን ፈረቃ መመደብ ነው። ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ብትገባ፣ ሱቁ ያመሻል፤ ሠራተኛዋ ታርፋለች፤ ሥራ አጥቶ በየሰፈሩ ለተቀመጠው ወጣትም የእንጀራ በር ይከፈታል። ሁለተኛ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም የሌለው ባለሱቅ ደግሞ ጠዋት ዘግይቶ ቢከፍት፣ ደንቡም ሕጉም ይከበራሉ።

ከዚህ ሌላ የቤተሰቡና የሰፈሩ ድርሻም ቀላል አይደለም። ባል የምድጃውንና የልጆቹን ሥራ ከሚስቱ ጋር ሊካፈል ይገባል። እድሮችና የሰፈር ማኅበራትም ስብሰባቸውን ሠራተኛው ሊገኝ በሚችልበት ሰዓት ያድርጉ፤ አምሽታ የምትገባው እኅት የምታልፍበት መንገድ መብራት እንዲኖረው ይጠይቁ፤ ልጆች በጋራ የሚጠበቁበትን ዘዴ ይምከሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለቀብር ብቻ አይደለም።

ከተማ በምሽት መድመቋ መልካም ነው። የድምቀቷ ዋጋ ግን እናቱን ነቅቶ ማየት ከተሳነው ሕፃን ሊከፈል አይገባም።