የሩቅ ማያ መነጽር ምርጫ፦ በአነስተኛ ገንዘብ ምን እንግዛ?

በወገዳ ምድር፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ሰው ከሰው ማዶ ለማዶ ይተያያል፤ ለመገናኘት ግን ሸለቆ ወርዶ ሌላ አቀበት መውጣት ይኖርበታል። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚመነጩበት የጉና ተራራ ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ከላዩ የሚታየው አገር እጅግ ሰፊ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚማር ተማሪ ደህና የሩቅ ማያ መነጽር ቢያገኝ፣ የገደል አእዋፍን ሳያስበረግግ መቁጠር፣ ከማዶ ያለውን የአፈር መሸርሸር መከታተል፣ ሌሊትም የጁፒተርን ጨረቃዎች መመልከት ይችላል።

ችግሩ ገንዘብ ነው። አንድ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አዋጥቶ መግዛት የሚችለው ምናልባት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ምርጫው ከተበላሸ ሌላ ለመግዛት ዓመታት ሊወስድ፣ ከዚያም በላይ የተማሪዎቹ ጉጉት አብሮ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ገበያ ላይ ደግሞ በማሸጊያው ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚጻፈው የማጉላት መጠን ነው። ገንዘባችን መዋል ያለበት ግን ለማጉላት ሳይሆን ለብርሃን፣ ለምስል ጥራትና ለእርጋታ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሁለቱ ቁጥሮች

በመነጽሮች ላይ 8×40 ወይም 10×50 የሚል ጽሑፍ እናያለን። የመጀመሪያው ቁጥር መነጽሩ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት (ዲያሜትር) በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ይገልጻል። ሌንሱ የሚሰበስበው ብርሃን በስፋቱ ካሬ መጠን ስለሚጨምር፣ ባለ 50 ሚሊሜትሩ ከባለ 40ው 1.56 ጊዜ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ስናካፍል ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን። ለ8×40 መነጽር ይህ ክብ 5 ሚሊሜትር ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር፣ በጨለማ ደግሞ እስከ 7 ሚሊሜትር ድረስ ይከፈታል። ስለዚህ 20×40 የሆነ መነጽር የሚያወጣው 2 ሚሊሜትር ክብ ለቀትር ቢበቃም፣ ወፎችና አራዊት በብዛት በሚንቀሳቀሱበት በንጋትና በምሽት ምስሉን ያጨልመዋል።

ማጉላት ሲጨምር የሚታየው ስፍራም ይጠባል። 7 ዲግሪ የእይታ ስፋት ያለው ባለ 8 እጥፍ መነጽር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 122 ሜትር ወርድ ያሳያል። እጅግ በሚያጎላ መሣሪያ ግን በገደል ላይ ያለን ዝንጀሮ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ አድካሚ ነው።

የማጉላት ወሰን

ጤናማ ዓይን ለይቶ ማየት የሚችለው ትንሹ ማዕዘን በግምት የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ነው። ይህም በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ባለ 8 እጥፍ መነጽር ይህን ወደ 3.6 ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል። ታዲያ ለምን 500 እጥፍ አናጎላም?

መልሱ ያለው በብርሃን ሞገድነት ላይ ነው። ብርሃን በሌንሱ ክብ ሲያልፍ በጠርዙ ምክንያት በመጠኑ ስለሚበተን (ዲፍራክሽን)፣ የአንድ ኮከብ ምስል ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ይሆናል። ሌንሱ በጠበበ ቁጥር ይህ ክብ ይሰፋል። ስፋቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ከአንድ ዲግሪ 1/1500ኛ ገደማ ያነሰውን ዝርዝር ሊለይ አይችልም። በመሆኑም ለአንድ ሚሊሜትር የሌንስ ስፋት ከ2 እጥፍ በላይ ማጉላት ጥቅም እንደሌለው በልምድ ይታወቃል፤ ለባለ 60 ሚሊሜትሩ ወሰኑ 120 እጥፍ ነው። በዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ማሸጊያ ላይ 525 እጥፍ ተብሎ ሲጻፍ፣ በጋዜጣ የታተመን ፎቶግራፍ እንደ መለጠጥ ይቆጠራል። ነጥቦቹ ይተልቃሉ እንጂ አዲስ ነገር አይታይም።

ባለሙያዎች ቴሌስኮፕን የሚጠሩት በስፋቱ የሆነውም ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የሚታወቁት ባለ 1 ሜትር ተብለው ነው። ጋሊሊዮም በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር። ዛሬ እነዚህን ጨረቃዎች ለማየት በማቆሚያ ላይ የጸና 10×50 መነጽር ይበቃል።

ሌንሱና ቅቡ

ምንም ያልተቀባ የመስታወት ገጽ ከሚደርስበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። አንድ መነጽር ውስጥ አሥር ገጾች አሉ ብንል፣ ዓይናችን የሚደርሰው 66 በመቶ ብቻ ነው። የተመለሰው ብርሃን ከፊሉ በቱቦው ውስጥ እየተንጸባረቀ ምስሉን ያደበዝዛል። በ1935 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ስማኩላ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ ውስጥ ጽብረቃን የሚቀንስ ስስ ቅብ ሠራ። ዛሬ በብዙ ንብርብር የተቀቡ ሌንሶች በየገጹ የሚጠፋውን ብርሃን ወደ 0.5 በመቶ ስለሚያወርዱት፣ ከአሥሩ ገጾች በኋላ 95 በመቶው ያልፋል። አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት መነጽሮች ዋጋቸው የሚራራቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

መስቀለኛው ክር

አንዳንድ መሣሪያዎች ከማሳየት አልፈው አቅጣጫን በትክክል ማመልከት ይጠበቅባቸዋል። የቀያሽ ቴዎዶላይትና በጠመንጃ ላይ የሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽር በዚህ ረገድ ወንድማማቾች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ መስቀለኛ ክር አለ። አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ አሳሽ ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል በአገራችን ሲዘዋወር፣ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው በቴዎዶላይት እያነጣጠረና ማዕዘን እየለካ የሰሜን ኢትዮጵያን ካርታ አዘጋጅቷል። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለ ጫፍ የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ስሕተት 14.5 ሜትር ስለሚሆን፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ዋናው ነገር ማጉላት ሳይሆን የክሩ ትክክለኛነትና የመሣሪያው ጽናት ነው።

ክሩ በትክክል እንዲሠራ ምስሉና ክሩ በአንድ ጠለል ላይ ማረፍ አለባቸው። ይህ ካልሆነ ዓይን በትንሹ ወደ ጎን ሲል ክሩ በዒላማው ላይ የሚንሸራተት ይመስላል፤ ይህም ፓራላክስ ይባላል። በርካሽ ማነጣጠሪያዎች ላይ ጠለሉ በፋብሪካ ለአንድ ርቀት ብቻ ተስተካክሎ ስለሚወጣ፣ ከዚያ ርቀት ውጭ ስሕተቱ ይታያል።

እጅና አየር

ባለ 8 እጥፍ መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም 8 እጥፍ ያጎላዋል። ከ10 እጥፍ በላይ ከሆነ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግድ ነው። በመሆኑም ገንዘቡን ሁሉ በመነጽሩ ላይ ከመጨረስ፣ ለማቆሚያው ማስቀረቱ ይበጃል።

አየሩም ድርሻ አለው። ቀትር ላይ የጋለው ማሳ አየሩን እያናወጠ የብርሃኑን ስብረት ስለሚለዋውጥ ምስሉ ይርገበገባል፤ ይህን ምንም ዓይነት ዋጋ ያለው ሌንስ አያስወግደውም። ከፍታ ቦታ ግን ይረዳል። በ4000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በላይ ያለው አየር ስስ ነው። ማለዳ ላይ ከተራራ የሚመለከት ሰው በርካሽ መሣሪያም ብዙ ያያል።

በሱቅ ውስጥ ምን እንመርምር?

1. መነጽሩን ከዓይናችን አርቀን ወደ ብሩህ ሰማይ እናነጣጥር። በዓይን ሌንሱ ላይ የሚታየው የብርሃን ክብ ሙሉ ይሁን። ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ ዝቅተኛ ጥራት አለው።

2. የፊተኛው ሌንስ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ መልካም ነው። እንደ መስታወት ነጭ ወይም ደማቅ ቀይ ከሆነ እንጠራጠር።

3. የቤት ጣሪያ ጠርዝን እንመልከት። ጠርዙ በቀለማት ከተከበበ ወይም በሁለት ዓይን ስናይ ምስሉ ድርብ ከሆነ አንግዛው።

4. መስቀለኛ ክር ካለው፣ መሣሪያውን በጠረጴዛ ላይ አጽንተን ዓይናችንን ወደ ጎንና ጎን እናንቀሳቅስ፤ ክሩ ከዒላማው መልቀቅ የለበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ለፀሐይ ጥንቃቄ ይደረግ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ላይ እንደታየው ያለ የቀለበት ቅርጽ የፀሐይ ግርዶሽ ሲከሠት እንኳ፣ በፊቱ ላይ ተገቢ ማጣሪያ ባልተደረገበት መነጽር ፀሐይን ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ያሳውራል።

የክበብ አባላት አዋጥተው ወደ ገበያ ሲሄዱ፣ በደንብ የተቀባ 8×40 ወይም 10×50 መነጽርና አንድ ጠንካራ ማቆሚያ ቢገዙ እንመክራለን። በወገዳ ሸንተረሮች ላይ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግለውም እንዲህ ያለው ነው።