የብራና መጻሕፍት ለገበሬው ምን ይረባሉ?

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ሲወረድ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል። በውስጡ ብዙ የብራና መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የግዕዝ መጽሐፍ ለአራሽ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም፤ እስቲ ነገሩን እንየው።

ብራና ተወጥሮና ተፍቆ የደረቀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ እንደሚፈጅ እናንተው ገምቱት! ተመራማሪ ታዲያ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ አያነብም፤ ኅዳጉንና ባዶ የተተወውን ቅጠል ጭምር ይመረምራል። በጎንደር ዘመን መሬት ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋውና ምስክሩ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ይጻፍ ነበርና። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የተሻረው የመሬት ሥሪት ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው አንዱ ሰነድ ይኸው ነው። የንጉሡ ስምና የፊደሉ አጣጣልም የመጽሐፉን ዕድሜ ይናገራሉ።

እንግዲህ ነጋዴ መጥቶ አንድ ቅጠል አስቆርጦ ሲገዛ፣ አብሮ የሚሄደው የአያቶቻችን ምስክር ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ወስደዋል፤ አብዛኞቹ ዛሬም ለንደን ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በማይክሮፊልም መቅዳት ተጀምሮ፣ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። በዚህ መንገድ ቅጂው ለጥናት ይሄዳል፣ መጽሐፉ ከባለቤቱ ዘንድ ይቀራል።

በየደብሩ ያለው መጽሐፍ ከዝናብ፣ ከጭስና ከአይጥ ይጠበቅ። ፎቶ ላንሣ የሚል ሲመጣ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆናችሁ የፈቃድ ወረቀቱን ጠይቁት። ቅጠል ልግዛ ለሚል ግን ማኅደሩን አትክፈቱለት።