ኤፍ-1፦ መለያ ቁጥሩ ያስከበረው የጨረቃ ሞተር

እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11ን ከፍሎሪዳ ያስወነጨፈው ሳተርን 5 ሮኬት ከሥሩ አምስት ግዙፍ ሞተሮች ነበሩት። ስማቸው ኤፍ-1 ነው፤ የሠራቸውም ሮኬትዳይን የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ። አንዱ ሞተር 5.6 ሜትር ይረዝማል፣ ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ግፊቱ ደግሞ 680 ቶን ገደማ ይደርሳል።

የሞተሩ ፓምፕ በ55,000 የፈረስ ጉልበት እየተሽከረከረ በየሴኮንዱ 2.5 ቶን ያህል ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክሲጅን ወደ ማቃጠያው ይገፋል። እዚያ ደርሶ ነዳጁን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚረጨው ክብ ሰሌዳ ነው፤ መሐንዲሶቹን ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቃቸውም እሱ ነበር። ነበልባሉ ድንገት እየተናወጠ ሞተሩን ይሰባብረው ነበርና የሰሌዳውን ፊት በመዳብ ግድግዳዎች ከፋፈሉት። ከዚያም እሳቱ እየነደደ ሆን ብለው ውስጡ ትንሽ ፈንጂ እያፈነዱ፣ ነበልባሉ በራሱ ጊዜ መረጋጋቱን ይፈትሹ ጀመር። ልፋታቸው መና አልቀረም፦ በ13 ሳተርን 5 ሮኬቶች ከበረሩት 65 ኤፍ-1 ሞተሮች አንዱም በበረራ ላይ አልከሸፈም።

ቅርስ ሰብሳቢውን የሚፈትነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሮኬቱ የመጀመሪያ ክፍል ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነድዶ ከነሞተሮቹ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በየሙዚየሙ ግቢ ሙሉ ሆነው የቆሙት ኤፍ-1ዎች ያልበረሩ ናቸው። ለሽያጭ የሚወጣ ቫልቭ ወይም የቧንቧ ቁራጭም ብዙውን ጊዜ ለሙከራ ወይም ለመለዋወጫ ከተሠራው የተረፈ ነው።

የበረሩትን ፍለጋ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ያሰማራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል የሞተር ክፍሎችን አወጣ። ባሕር ውስጥ ቢወድቁም ባለቤታቸው ናሳ መሆኑ አልቀረም። ካንሳስ ውስጥ በሚገኘው ኮስሞስፌር ሙዚየም ጨውና ዝገታቸው ሲጸዳ አንድ ባለሙያ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲመረምር በአንዱ ማቃጠያ ላይ «2044» የሚል የደበዘዘ የቀለም ጽሑፍ አየ። ዝገቱ ሲነሳ ያው ቁጥር ብረቱ ላይ ታትሞ ተገኘ። መዝገቡ ሲታይ የአፖሎ 11 አምስተኛ ሞተር ነው፤ ከአምስቱ መካከል ላይ የነበረው።

ያ ቁጥር ባይነበብ ኖሮ ብረቱ የየትኛው በረራ እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር? ጥገናውም እንደ አዲስ ማደስ አልነበረም፤ ውሃውን ሲመታ የተጣመመው እንደተጣመመ ቀርቷል። የዚህ ዓይነት ቁራጭ መግዛት የሚፈልግ ሰውም ከማማሩ በፊት የታተመበትን ቁጥር፣ የፍተሻ ማኅተሙንና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበትን ሰነድ ይጠይቅ። ለማሳመር ተብሎ ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ፣ ጨረቃ ድረስ ያስኬደ ሮኬት አካል ቢሆን እንኳ፣ ማስረጃ የሌለው ብረት ሆኖ ይቀራል።