የተላቀቀ የበር ጌጥ በምን ይያዛል?

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን በሚያልፉት መኪኖች ጎን ላይ ቢያሳርፍ ደጋግሞ የሚያየው ነገር አለ። የፊት በሩ ጥቁር የፕላስቲክ ጌጥ አለው፤ የኋላው የለውም። በቦታው የቀረው አቧራ የጠጣ የሙጫ ሰንበር ብቻ ነው። ይህ ባለመኪኖች ሞልዲንግ የሚሉት ጌጥ የቆመ መኪና በር ሲከፈት የሚመጣውን ምት እንዲቀበል በበሩ ወገብ ላይ የተለጠፈ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ተሰብሮ ሳይሆን ተላቅቆ ነው። አንዳንዴ ሌሊት በሌባ እጅ ይነቀላል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ካደረሰው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ድሮም የማይጣለው አሮጌ መኪና ጭራሽ የሚሳሱለት ንብረት ሆኗል። ታዲያ ጌጡ ሲነሳ ባለቤቱ ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዝቶ ጠብ ጠብ ያደርግና ይለጥፈዋል። ይዞለት ይሰነብታል። ከዚያ አንድ ቀን ከላቫጆ ሲወጣ ጫፉ ተነስቶ ያገኘዋል።

ሙጫው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጥፋቱ እንዲያውም ድርቅ ማለቱ ነው። ብረትና ፕላስቲክ በሙቀት እኩል አይለጠጡም። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ግን በዚያው ልክ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኅዳር ላይ ደጅ ያደረ መኪና ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ያው ጥቁር ጌጥ እጅ አያስነካም። እንግዲህ በየቀኑ ጌጡ ሊረዝም፣ ላሜራው ሊይዘው ይታገላሉ ማለት ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚሆን ይህን ጉተታ አይችለውም፤ ይሰነጠቃል።

ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቅ፣ ከአክሪሊክ የተሠራ ስፖንጅ መሰል ጥብጣብ ነው። በገበያ ደብል ቴፕ ይባላል። የአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ ቪኤችቢ የሚለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ አቀረበ። የጥብጣቡ አንድ ፊት ፕላስቲኩን፣ ሌላው ፊት ቀለሙን አጥብቆ ይይዝና መሐሉ ይለመጣል። ያ የ2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት የሚያልቀው እዚያው መሐል ላይ ነው። ስፖንጅ ቢመስልም ውሃ አይጠጣም። ስዕል ለመስቀል የሚሸጠው ነጩ ስፖንጅ ግን ሌላ ነው፤ ሲስቡት ቶሎ ይቦጨቃል፣ ክረምት አይሻገርም። ጥሩው ብዙ ጊዜ ቀይ ልባስ ያለው ጥቁር ወይም ግራጫ ነው። ልባሱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቆረጥ አድርጎ ስቦ ማየት ይሻላል። ጥሩው ሳይበጠስ ይለጠጣል፣ ቀስ ብሎም ይመለሳል።

በነገራችን ላይ ፕላስተርና መኪና የቆየ ዝምድና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባለሁለት ቀለም መኪና ፋሽን ነበር። ሪቻርድ ድሩ የሚባል የዚያው የስሪኤም ወጣት ሠራተኛ ብርጭቆ ወረቀት ሊያስሞክር ሴንት ፖል ከተማ ወደሚገኝ የመኪና ቀለም ቤት ሲሄድ፣ ቀቢዎቹ ቀለሙን ለመለየት በሙጫ የለጠፉት ወረቀት ሲነሳ ቀለሙን አብሮ እየላጠ ሲያበሳጫቸው አየ። ዛሬ ቀለም ቀቢ ሁሉ የሚይዘው ማስኪንግ ቴፕ በ1925 የተወለደው ከዚያ ነው። ለእኛም ሥራ ያስፈልጋል።

ከደብል ቴፕ በፊት የነበረው የጌጥ አያያዝ በአዲስ አበባዎቹ ቮልሶች ላይ ይታያል። የቮልስ የሚያብረቀርቅ የብረት ጌጥ የሚያዘው በላሜራው ቀዳዳ ውስጥ በገቡ ክሊፖች ነው። ቀዳዳ ደግሞ የዝገት በር ነው፤ ደብል ቴፕ ያሸነፈበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቮልስ ያለው ሰው ሙጫ ትቶ ክሊፕ ይፈልግ። የሌላውም መኪና ጌጥ ከመለጠፉ በፊት ጀርባው መታየት አለበት፤ የክሊፕ እግር ካለው ጥብጣብ ብቻውን አይበቃውም።

ሥራው ራሱ ሩብ ቀን አይፈጅም፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ጽዳት ነው። በግማሽ የተላቀቀውን ጌጥ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ፣ ከጀርባው የዓሣ ማጥመጃ ክር አስገብቶ ወዲያና ወዲህ በመጋዝ እንጨት እንደሚቆረጥ እየሳቡ ማላቀቅ ነው። በቢላ የሞከረ ቀለሙን ይፍቃል። የቀረውን አሮጌ ስፖንጅ በአውራ ጣት እያሹ ማንሳት፣ ቅሪቱን በላምባ ማለስለስ። ቲነር አይነካም! በተለይ እዚህ አገር በተቀባ መኪና ላይ ቀለሙን ያቀልጠዋል። ላምባውም ራሱ ቅባት ስለሚተው በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በመጨረሻ ፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም ነው። አንዳንድ ላቫጆዎች ፕላስቲኩ እንዲያብረቀርቅ የሚቀቡት ቅባት ዋናው የጥብጣብ ጠላት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ጌጡ የሚጣበቀው ከቀለሙ ጋር እንጂ ከላሜራው ጋር አይደለም። በሩ በስቱኮ ተሞልቶ በጥድፊያ የተቀባ ከሆነ፣ ጥብጣቡ ምንም ቢጠነክር ጌጡ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል።

የፕላስቲኩም ዓይነት ለውጥ አለው። ጀርባው ላይ ፒፒ የሚል ምልክት ከተቀረጸበት፣ ወይም የውሃ ጠብታ ላዩ ላይ ሳይዘረጋ ክብ ሆኖ ከቀረ፣ ሙጫ የማይወድ ፕላስቲክ ነው፤ ፕራይመር ይፈልጋል። የተጣመመ ጌጥ ደግሞ በቅድሚያ በሙቀት ይቃና። ጥብጣቡ ከጎን የሚመጣን ጉተታ በደንብ ይችላል፤ ከጫፍ የሚልጠውን ግን አይችልም፤ ጠማማ ጌጥ ደግሞ ቀን ከሌት የሚልጠው ከጫፉ ነው።

ቀኑ ፀሐያማ፣ ሰዓቱ ረፋድ፣ መኪናው ጥላ ውስጥ ይሁን። ከ10 ዲግሪ በታች ጥብጣቡ አይይዝም፤ ከ20 በላይ ሲሆን ደስ ይለዋል። ማስኪንግ ቴፕ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በአንድ መስመር ተስቦ ጌጡ በእሱ ስር ይሄዳል። ጥብጣቡ ጌጡ ላይ እስከ ጫፍ ድረስ ከተለጠፈ በኋላ፣ ልባሱ ከሁለቱ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይነሳና ወደ ውጭ ይታጠፋል። ጌጡ በቦታው ተደግፎ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ ከታየ በኋላ የቀረው ልባስ ይሳባል። ከዚያ በመዳፍ፣ በሙሉ ጉልበት፣ ከመሐል ወደ ጫፍ መጫን ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ጫና ያስፈልጋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥብጣቡ የጉልበቱን ግማሽ፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶውን፣ በ72 ሰዓት ሙሉውን ያገኛል። እስከዚያ ላቫጆ የለም።

ጫፉ ብቻ ለተነሳ ጌጥ ሲሊኮን ሞልተው የሚጭኑ አሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ፣ ቀለሙ የተጫረ ላሜራ ካገኘ ያዝገዋል። ከዚያ የባሰው መኪናው ዳግም የሚቀባ ዕለት ይመጣል። ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ አዲሱ ቀለም እየሸሸ ዓይን ዓይን ያወጣል። ቀለም ቀቢው ተናዶ እንደገና ይልጋል፤ ለዚያ የሚጠይቀው ዋጋም ከአንድ ጥቅል ደብል ቴፕ ይበልጣል።