የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ሰማዩንም ይመልከቱ

እዚህ አሜሪካ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያከፋፍሉ ወይም ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ከሆነ፣ የጤፍ ዱቄት በተወደደ ቁጥር «ነጋዴው ጨከነ» ማለትዎ አይቀርም። አንዳንዴም እውነትዎን ነው። ነገር ግን ጤፉ የበቀለበትን ማሳም አብረው ቢያስቡ ለሥራዎ ይበጃል።

ጤፍ በአገራችን በብዛት በሐምሌ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ከወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በአጨዳ ሰዓት ያለ ወቅቱ ቢዘንብ ደግሞ ቀጭኑ አገዳ ይጋሽባል፣ ፍሬው ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኤልኒኞ ሳቢያ ዝናቡ በቀረ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ኤልኒኞ ጥንትም ነበረ፤ አሁን ግን የሚመጣው ቀድሞውኑ በሞቀ ምድር ላይ ነው። ሙቀት ሲበዛ እህል ቶሎ ይደርሳል፤ ፍሬ የሚይዝበትም ጊዜ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የዓለም ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የስንዴ ምርት በአማካይ 6 በመቶ፣ የበቆሎ ደግሞ 7 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምቷል።

«እኔ የምገዛው የአሜሪካን ጤፍ ነው» ይሉ ይሆናል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአይዳሆ የሚዘራው ጤፍ ግን በመስኖ የሚለማ ነው፤ የመስኖው ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከተራራ ላይ በረዶ ነው። በረዶው ሲያንስ ወይም ያለ ጊዜው ሲቀልጥ በበጋ ውሃው ያጥራል። ስለዚህ በግንቦት ለአከፋፋይዎ ደውለው «ዘንድሮ የተራራው በረዶ እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ሊስቅብዎ ይችላል፤ ገበሬው ግን አይስቅም።

ከአንድ ሰው ብቻ አይግዙ። ከሱቆች ጋር ሲዋዋሉ የእንጀራውን ዋጋ ለሙሉ ዓመት አይሰሩት፤ ዱቄት ሲጨምር የሚጨምር መሆኑን በጽሑፍ ያስፍሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ሰልፍራይዚንግ ቀላቅሎ «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ መሸጥ ከማታለልም ያልፋል። ጤፍ ግሉተን የለውም በሚል የሚገዛዎ ሕመምተኛ አለ፤ ገብስና ስንዴ ያሳምሙታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብም «ከግሉተን ነፃ» የተባለ ምግብ ከሚሊዮን 20 እጅ ያነሰ ግሉተን እንዲኖረው ያዛል። መቀላቀል ግድ ከሆነብዎ ሩዝ ወይም ማሽላ ይጠቀሙ፤ የቀላቀሉትንም በላስቲኩ ላይ ይጻፉት።