የንብረት ሰነድ ምዝገባና ፍለጋ (ዩናይትድ ስቴትስ)

የንብረት ሰነድ ምዝገባ በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ቤት ወይም መሬት ከአንድ ሰው ወደ ሌላ መተላለፉን የሚያሳየው ሰነድ በካውንቲው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቅጂው ተይዞና በማውጫ ሰፍሮ ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበት አሠራር ነው። ሰነዱ በእንግሊዝኛ «ዲድ» ይባላል። ሰነዱን የሚቀበለው ሹም መጠሪያ እንደየክፍለ ሀገሩ ይለያያል፦ በቴክሳስ የካውንቲ ክለርክ (ጸሐፊ)፣ በካሊፎርኒያ ሪኮርደር፣ በሰሜን ካሮላይና የዲድ መዝጋቢ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ይባላል። በኮኔቲከት፣ በሮድ አይላንድና በቬርሞንት መዝገቡ ያለው በካውንቲ ሳይሆን በየከተማው ጸሐፊ ዘንድ ነው። አገሪቱ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች ስላሏት ሁሉንም የሚያጠቃልል አንድ ብሔራዊ የመሬት መዝገብ የለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ከተሞች የይዞታ ማረጋገጫ ካርታን የለመደ አንባቢ ይህን አሠራር በቀላሉ ሊሳሳተው ይችላል። ካርታ መንግሥት ለባለይዞታው የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። የካውንቲ ጸሐፊ ግን በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል «ይህ ቤት የእገሌ ነው» ብሎ አይመሰክርም። የቀረበለትን ሰነድ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ሰዓቱን ይጽፋል፣ በማውጫ ያሰፍራል፤ ሥራው በዚሁ ያበቃል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚታወቀው የተከማቹትን ሰነዶች አንድ በአንድ ተከታትሎ በማንበብ ነው። ስለዚህ ፍለጋው የምዝገባውን ያህል ክብደት አለው።

አመጣጥ

በጥንቱ የእንግሊዝ ልማድ የመሬት ሰነዶች በባለቤቱ ቤት በሣጥን ተቆልፈው ይቀመጡ ነበር። ገዢ የሻጩን ወረቀቶች ማየት የሚችለው ሻጩ ሲያሳየው ብቻ ስለነበር፣ የተደበቀ ዕዳ ወይም ቀድሞ የተደረገ ሽያጭ እንዳለ የሚያውቅበት አስተማማኝ መንገድ አልነበረውም። በአሜሪካ የሠፈሩት ቅኝ ገዢዎች ከዚህ ልማድ ቶሎ ወጡ። የማሳቹሴትስ ቤይ ቅኝ ግዛት በ1640 ያወጣው ሕግ የመሬት ዝውውርና መያዣ በመዝገብ እንዲሰፍር አዘዘ፤ ዓላማውም የማጭበርበር ሽያጭን መከላከልና ማንም ሰው ሌላው በመሬቱ ላይ ያለውን መብት እንዲያውቅ ማድረግ ነበር። ኋላ የተነሡት ክፍለ ሀገሮች ሁሉ የየራሳቸውን የምዝገባ ሕግ አወጡ።

መዝገብ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተመዘገበው መሬት ድንበሩ የት እንደሆነ መታወቅ አለበት። በኬንታኪ መሬት ጠያቂዎቹ ራሳቸው እያስለኩ ይይዙ ስለነበር ይዞታዎች እርስ በርስ ተደራረቡ፤ ገንዘቡን ከፍሎ ለዓመታት ያረሰ ገበሬ ሌላ ሰው የቀደመ ሰነድ ይዞ ሲመጣ ይፈናቀል ነበር። ቶማስ ሊንከን የተባለው ገበሬ በኬንታኪ በያዛቸው እርሻዎች ሁሉ የባለቤትነት ችግር ስለገጠመው በ1816 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኢንዲያና ተሻገረ። በዚያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ የነበረው አብርሃም ሊንከን፣ ስደቱ በከፊል በባርነት ምክንያት ቢሆንም ዋናው ሰበብ የመሬት ሰነድ ጣጣ እንደነበር ኋላ ጽፏል። ኢንዲያና የተሻለችው መሬቷ በ1785ቱ የመሬት ድንጋጌ መሠረት በመንግሥት ተለክቶ ስለተሸጠ ነው። በዚህ ልኬት አገሩ በየጎኑ ስድስት ማይል ባላቸው አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም በ36 ክፍል ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል 640 ኤከር ይሆናል።

የመዝገብ ሹምነት አንዳንዴ ታላላቅ ሰዎች የያዙት ሥራ ነበር። ከባርነት አምልጦ በጸረ ባርነት ትግል ስመ ጥር የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ከ1881 እስከ 1886 የዋሽንግተን ዲሲ የዲድ መዝጋቢ ሆኖ አገልግሏል።

አመዘጋገብ

ዲድ የአስተላላፊውንና የተቀባዩን ስም፣ የማስተላለፊያ ቃል፣ የመሬቱን ሕጋዊ መግለጫና የአስተላላፊውን ፊርማ ይይዛል። ፊርማው በኖታሪ ፊት መረጋገጥ አለበት። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሕጋዊ መግለጫ አይደለም፤ የጎዳና ስም ሊለወጥ ይችላልና። በአዳዲስ ሠፈሮች መግለጫው የፕላን ቁጥርን፣ ብሎክንና ሎትን ይጠቅሳል። በምሥራቁ የጥንት ይዞታዎች ግን ከድንጋይ እስከ ዛፍ፣ ከዛፍ እስከ ወንዝ እያለ በአቅጣጫና በርቀት ድንበሩን ይዞራል። ዛፉ ከተቆረጠ፣ ወንዙም አልጋውን ከለወጠ ክርክር ይነሣል።

ጸሐፊው የሚመለከተው ቅርጹን ብቻ ነው። ፊርማ አለ? የኖታሪ ማረጋገጫ አለ? ክፍያው ተከፍሏል? የዝውውር ግብር ባለበት ቦታ ግብሩ ተከፍሏል? እነዚህ ከተሟሉ በሰነዱ ላይ ቀንና ሰዓት ይመታል፤ የሰነድ ቁጥር ወይም የመጽሐፍና የገጽ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቅጂው ተይዞ ዋናው ለባለጉዳዩ ይመለሳል። ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን ጸሐፊው አይመረምርም፤ የሕግ ምክር መስጠትም አይችልም። ከ2004 ወዲህ ብዙ ክፍለ ሀገሮች የኤሌክትሮኒክ ምዝገባ ሕግ ስለተቀበሉ ሰነዶች በአብዛኛው በኮምፒዩተር ይላካሉ።

ሁሉም ዲድ አንድ ዓይነት ዋስትና አይሰጥም። በ«ዋራንቲ ዲድ» ሻጩ ባለቤትነቱ ንጹሕ መሆኑን ቃል ይገባል፤ ሌላ ሰው መብት አለኝ ብሎ ቢመጣ ተጠያቂ ይሆናል። «ኲትክሌይም ዲድ» ግን «መብት ካለኝ ሰጥቼሃለሁ» እንደ ማለት ነው። በቤተሰብ መካከል ወይም በፍቺ ጊዜ ስም ለማውጣት ይጠቅማል እንጂ፣ ከማያውቁት ሰው በዚህ ሰነድ ብቻ ቤት መግዛት ገንዘብን ለዕድል እንደ መስጠት ነው።

ቀዳሚነት

በሻጭና በገዢ መካከል ዲዱ ተፈርሞ ከተሰጠ ባይመዘገብም የጸና ነው። ምዝገባው የሚያስፈልገው በሦስተኛ ወገን ላይ ነው፤ የተመዘገበ ሰነድን ማንም ሰው ባያነበውም እንዳወቀው ይቆጠራል። ለምሳሌ ዮሐንስ ቤቱን ለማርታ ሸጠ፤ ማርታ ዲዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው እንበል። በሳምንቱ ዮሐንስ ያንኑ ቤት ምንም ለማያውቀው ለዳዊት ሸጠ። ቤቱ የማን ነው?

መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል። በሰሜን ካሮላይናና በሉዊዚያና ቀድሞ ያስመዘገበ ይረታል፤ ዳዊት የማርታን ግዢ ቢያውቅ እንኳ ቀድሞ ካስመዘገበ ቤቱ የእርሱ ነው። በቴክሳስ ዋናው ጥያቄ ዳዊት ሲገዛ ማወቁና አለማወቁ ነው፤ የቀድሞውን ሽያጭ ሳያውቅ ዋጋ ከፍሎ ከገዛ ይረታል። በካሊፎርኒያና በኒው ዮርክ ሁለቱም ይፈለጋሉ፤ ዳዊት የሚረታው ሳያውቅ ገዝቶ ከማርታ ቀድሞም ካስመዘገበ ነው። በሁሉም ቦታ ማርታ በማግሥቱ አስመዝግባ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ አይነሣም ነበር። አሁን የሚቀርላት ዮሐንስን መክሰስ ነው፤ ያም ተገኝቶ ገንዘቡ በእጁ ካለ። ማርታ ቤቱ ውስጥ እየኖረች ከሆነ ግን በብዙ ክፍለ ሀገሮች ነገሩ ይለወጣል፤ ገዢ በቤቱ ያለውን ነዋሪ በምን መብት እንደተቀመጠ መጠየቅ ይገባዋልና።

ፍለጋ

መዝገቦቹ በአብዛኛው ሁለት የስም ማውጫዎች አሏቸው፤ አንዱ በአስተላላፊዎች፣ ሌላው በተቀባዮች ስም የተደረደረ ነው። ፈላጊው ከዛሬው ሻጭ ይነሣል። ሣራ ቤት እየሸጠች ከሆነ በተቀባዮች ማውጫ ስሟን ፈልጎ ከጴጥሮስ እንደገዛች ያገኛል። ከዚያ ጴጥሮስን በዚያው ማውጫ ይፈልጋል፤ እርሱስ ከማን አገኘ? እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ብዙ ጊዜ 40 ወይም 60 ዓመት ይሄዳል። የተገኘው ተከታታይ የባለቤትነት ሰንሰለት ይባላል።

ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ግን ግማሹ ሥራ ገና ነው። አሁን ደግሞ በአስተላላፊዎች ማውጫ ከጥንቱ ባለቤት ጀምሮ ወደ ፊት ይመጣል። እያንዳንዱ ባለቤት ንብረቱ በእጁ በነበረበት ዘመን ምን ሰጠ? ለባንክ በሞርጌጅ አስይዞ ይሆናል፤ ለጎረቤት የመተላለፊያ መንገድ ፈቅዶ ይሆናል፤ ወይም ሁለት ጊዜ ሸጦ ይሆናል። ለተገኘው ሞርጌጅ ሁሉ ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ የመልቀቂያ ሰነድ መፈለግ አለበት፤ ዕዳው ከብዙ ዓመት በፊት ቢከፈል እንኳ መልቀቂያው ካልተመዘገበ ሽያጩን ሊያዘገይ ይችላል። በሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሰው ጋር የማይገናኝ ሰነድ ቢመዘገብም በስም ማውጫ ስለማይገኝ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ገዢን አያስገድዱበትም። እንደ ኦክላሆማና ዩታ ባሉ ክፍለ ሀገሮች ከስም ሌላ በመሬቱ የተደረደረ ማውጫ ስላለ ይህ ችግር ይቀንሳል።

ጸሐፊው ዘንድ ያለው መዝገብ ሁሉን አይዝም። የፍርድ ዕዳ፣ የውርስ ጉዳይ፣ ፍቺና ያልተከፈለ የንብረት ግብር በሌሎች ቢሮዎች ይገኛሉ። ብዙ መዝገቦች ዛሬ በድረ ገጽ ይታያሉ። በሜሪላንድ የክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት የሁሉንም ካውንቲዎች የመሬት መዛግብት ያሳያል፤ በኒው ዮርክ ከተማ የማንሃታን፣ የብሩክሊን፣ የኲንስና የብሮንክስ ሰነዶች ከ1966 ጀምሮ በኮምፒዩተር ይገኛሉ። ከዚያ የቆዩት በማይክሮፊልምና በትላልቅ ጥራዞች ይፈለጋሉ።

በስም ላይ የተመሠረተው ማውጫ ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በተለያየ ፊደል ሥር ይገባሉ። የላቲን አጻጻፉም ወጥ አይደለም፦ «ጸሐይ» በ«ቲ» ወይም በ«ኤስ» ሊጀምር ይችላል፤ «ገብረ ሥላሴ» አንድ ቃል ሆኖ ወይም ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ሲከፈል «ገብረ» የመካከል ስም፣ «ሥላሴ» የቤተሰብ ስም ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። ኮምፒዩተሩ የተጻፈለትን ብቻ ስለሚያወጣ በአንድ አጻጻፍ ፈልጎ «ምንም የለም» ማለት አይበቃም። ቤት ሲገዛ ስሙን በፓስፖርቱ እንዳለ በአንድ ዓይነት ማስጻፍ፣ ሲሸጥም ያንኑ መጠቀም ብዙ ድካም ያድናል። ሌላው ስሕተት የቦታ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ቤቶች በከፊል በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ግን የራሷ መዝገብ አላት።

የመዝገቡ ድክመቶች

የተጭበረበረ ፊርማ ያለበት ዲድ ቢመዘገብም ዋጋ የለውም፤ ነገር ግን ጸሐፊው ሐሰቱን ስለማያጣራ ወረቀቱ መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ለማሰረዝም ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ዒላማ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ ዕዳ የሌለባቸው አረጋውያን ቤቶችና ባዶ ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ብዙ ካውንቲዎች በአንድ ሰው ስም ሰነድ ሲገባ በኢሜይል የሚያስጠነቅቅ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ሌላው ችግር ያልተመዘገበ ውርስ ነው። አያት ሳይናዘዙ ሲሞቱ ቤቱ በስማቸው ይቆያል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ሳይከፋፈሉ በጋራ ይወርሱታል። አንድ ወራሽ ድርሻውን ለባዕድ ቢሸጥ ገዢው በፍርድ ቤት ጠቅላላውን ንብረት ሊያሸጥ ይችላል፤ በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች እርሻቸውን ያጡት በዚህ መንገድ ነው። በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላም በኒው ኦርሊንስ ለብዙ ዘመን በኖሩበት ቤት በስማቸው ዲድ የሌላቸው ቤተሰቦች የመልሶ ግንባታ ርዳታ ለማግኘት ተቸግረዋል። ወራሾችን የሚጠብቅ ናሙና ሕግ በ2010 ተዘጋጅቶ ብዙ ክፍለ ሀገሮች ተቀብለውታል።

መዝገብም ይቃጠላል። በ1871 የቺካጎ ታላቅ እሳት የኩክ ካውንቲ መዛግብት ሲወድሙ፣ የግል የሰነድ ፍለጋ ድርጅቶች ከእሳቱ ያዳኗቸው ደብተሮች በቀጣዩ ዓመት በወጣ ሕግ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኑ። በሳን ፍራንሲስኮም ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት በኋላ ባለቤቶች መብታቸውን በፍርድ እንዲያስመልሱ ልዩ ሕግ ወጣ።

ፈላጊ ቢሳሳትስ? በ1868 የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰነድ መርማሪው የተሳሳተ ፍርድ ምክንያት ገንዘቡን ያጣ ገዢ፣ መርማሪው ቸልተኛ እስካልሆነ ድረስ ካሣ አያገኝም ብሎ ወሰነ። ከዚህ በኋላ በ1876 በፊላዴልፊያ የመጀመሪያው የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ተቋቋመ። ዛሬ አበዳሪ ባንኮች ይህን ኢንሹራንስ ያስገድዳሉ፤ ሆኖም ለባንኩ የተገዛው ፖሊሲ የቤቱን ገዢ አይሸፍንም፤ ገዢው ለራሱ ሌላ መግዛት አለበት።

በሮበርት ቶረንስ ስም የሚጠራው ሌላ ዘዴ በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ ተጀመረ። በዚህ ዘዴ መንግሥት ራሱ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ወደ ኋላ መፈለግም አያስፈልግም። ኢሊኖይ በ1897 ተቀብላው በኩክ ካውንቲ ከሠራ በኋላ በ1990ዎቹ ቀረ። በማሳቹሴትስ፣ በሚኔሶታና በሃዋይ ግን ዛሬም ከተለመደው መዝገብ ጎን ለጎን ይሠራል፤ በእነዚህ ቦታዎች ፈላጊ ሰነዱን ከመክፈቱ በፊት መሬቱ በየትኛው መዝገብ ሥር እንዳለ ማጣራት ይኖርበታል።